ደብተሩ አልዋሸም

ያገለገለ ካራቫን ለመግዛት የተነሣ ሰው ከገንዘቡ በፊት ጥርጣሬውን ነው የሚያዘጋጀው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። የምንፈልገው በመኪናችን አቅም የሚጎተት ቀለል ያለ ተሳቢ ነው። ሁለት አዋቂና አንድ ልጅ የሚያስተኛ፣ ትንሽ ምድጃ ያለው፣ በቃ። ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ ሐሳብ “ይሄ ሰውዬ ምን ደብቆ ይሆን?” የሚል ነው። ፎቶው ላይ አንድ ጥግ ካልታየ ያ ጥግ በስብሷል እላለሁ። “እንደ አዲስ” የሚል ካነበብኩማ ገጹን እዘጋዋለሁ።

ከዚያ ምንም የማይደብቅ ሰው ገጠመን። ነገሩ ካለፈ ቆይቷል፤ እኔን ግን አሁንም ይከነክነኛል። ካራቫኑ በስብሶ ነበር። ሰውየው ደግሞ አንዲት ቃል አልዋሹንም።

ከጎማው የጀመሩ ሰው

ሽማግሌው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከባድ መኪና መካኒክ ነበሩ። እኛ ስንደርስ ካራቫኑን በክሪክ አንሥተው፣ ከሥሩ ድጋፍ አስገብተው ይጠብቁን ነበር። ሻጭ ራሱ “ኑ፣ ከሥር እዩት” ሲል ሰምቼ አላውቅም። ሌላው ሻጭ በር ከፍቶ መጋረጃና ትራስ ነው የሚያሳየው። እሳቸው ጎማውን በእጃቸው አሽከረከሩልን። ድምፅ የለውም። ላይና ታች ይዘው ነቀነቁት፤ ንቅንቅ አይልም። ኩሽኔታው በየዓመቱ ይወጣል፣ ይታጠባል፣ አዲስ ግራሶ ይሞላበታል አሉን። ልክ ናቸው። የተሳቢ ኩሽኔታ በዓመት አንዴ ወይም ወደ 20,000 ኪሎ ሜትር ሲጠጋ ይፈተሽ ነው የሚባለው። ብዙ ሰው ግን መንገድ ላይ እስኪጮህ ድረስ ትዝ አይለውም።

ከዚያ ጎንበስ ብለው የጎማውን ጎን በጨርቅ ጠረጉና ቁጥሩን አሳዩን። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ በተሠሩ ጎማዎች ላይ ኮዱ በአራት አሃዝ ነው የሚያልቀው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ከሆነ በ2019 በሃያ ሦስተኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። የካራቫን ጎማ ከመሄድ ይልቅ በመቆም ነው የሚያረጀው። ጥርሱ እንዳለ ሆኖ ላስቲኩ ይደርቃል፤ ከዚያ በሙቀት ቀን፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ሲሄድ ይፈነዳል። ጥርሱን ብቻ አይቶ “ጎማው ገና ነው” ማለት አይሠራም። ጎማው ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ከሆነው፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ የአዲስ ጎማ ዋጋ አብሮ መታሰብ አለበት። የእሳቸው ግን በእርግጥም ገና ነበር።

አክስሉም እንዲሁ። ብዙ ቀላል ካራቫኖች ባሌስትራ የላቸውም። ንዝረቱን የሚውጠው በብረት ቱቦ ውስጥ የተጠቀጠቀ ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ሲያረጅ ይደድራል፤ ጎማውን የያዘው ክንድ ወደ ላይ ይነሣል፣ ካራቫኑም ዝቅ ይላል። ይህ ጥገና የለውም፤ አክስሉ በሙሉ ነው የሚቀየረው። ስለዚህ ከጎን ቆሞ ክንዱ ወዴት እንዳዘነበለ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ምን ያህል ክፍተት እንዳለ ማየት ነው። ሽማግሌው ይህንንም ሳንጠይቃቸው አስረዱን። ሻንሲውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃቸው እየዳበሱ የብየዳውን መስመር አሳዩን። አልተሰነጠቀም፤ አልዛገም።

ሲጨርሱ ደብተሩን አመጡ። ጠንካራ ልባስ ያለው፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ደብተር ነው። ካራቫኑን ከገዙበት ቀን ጀምሮ ያደረጉለት ሁሉ እዚያ ላይ አለ። ግራሶው መቼ እንደተቀየረ፣ ባትሪው መቼ እንደተገዛ፣ የጋዙ መቆጣጠሪያ መቼ እንደተለወጠ፣ ብርዱ ከመግባቱ በፊት ውሃው መቼ እንደተደፋ። ይህ የመጨረሻው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ውሃ ወደ በረዶ ሲቀየር መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ቱቦ ወይም ማሞቂያ ውስጥ የቀረች ትንሽ ውሃ ብረቱን ልትሰነጥቀው ትችላለች። ውሃውን ደፍተዋል ወይ ብሎ መጠየቅ ብዙ ሻጭን የሚያፋጥጥ ጥያቄ ነው። እሳቸው ቀኑን ጭምር ጽፈውታል።

ልቤ አረፈ። ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠኋትና ወደ ውስጥ ገባሁ። በሐሳቤ ገዝቼው ነበር ማለት ይቻላል።

አንዲት መስመር

የባለቤቴ ሥራ ሒሳብ መመርመር ነው። ደብተር ስትሰጧት “ጎሽ፣ ደብተር አላቸው” ብላ አትመልስላችሁም፤ ታነበዋለች። እኔ ውስጥ ገብቼ ፍራሽ ስነካካ፣ መሳቢያ ስከፍት፣ እሷ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጣ ገጽ ትገልጣለች። ትንሽ ቆይታ ጠራችኝ።

“እስኪ እዚህ ጋ እይ” አለች። “የፊት መስኮት፣ ቀኝ ጥግ፣ ሲሊኮን።”

“እና? አሽገውታላ። ጥሩ አይደል?”

“ጥሩ ነው። ግን ሁሌ ነው።” ገጹን ገለጠችው። ሌላ ዓመት፤ የፊት መስኮት፣ ቀኝ ጥግ፣ ሲሊኮን። ደግማ ገለጠች። አሁንም አለ። “ግራሶ በየዓመቱ ይቀየራል፤ ይገባኛል። ውሃ በየዓመቱ ይደፋል። ይሄ ግን ጥገና ነው። የተጠገነ ነገር ለምን በየዓመቱ ይጠገናል?”

እኔ ያንን መስመር ባነበው ኖሮ አልፌው እሄድ ነበር፤ ወይም ደስ ይለኝ ነበር። ሽማግሌው በኩራት ነው የጻፉት። መስኮቱን አልረሱትም፤ በየዓመቱ አሽገውታል። ለእሳቸው መስመሩ የእንክብካቤ ማስረጃ ነው። ለባለቤቴ ደግሞ ውሃው በየዓመቱ እንደሚገባ የሚናገር ምስክር ነው። ያው ቀለም፣ ያው እጅ።

ጠየቅናቸው። “አባቴ፣ ይሄ መስኮት ያፈስ ነበር እንዴ?”

“ድሮ ትንሽ ያንጠባጥብ ነበር” አሉ። “አሁን የለም። በየዓመቱ እኔ ራሴ ነኝ የማሽገው።”

ፊታቸውን አየሁት። እንደኔ ሻጭን ሁሉ ሲጠረጥር የኖረ ሰው የሚደበቅ ፊት ይለያል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ላይ ምንም አልነበረም።

ከመስኮቱ ሥር ያለውን መቀመጫ ትራሱን አነሣነው። ከሥሩ የዕቃ ማስቀመጫ ሣጥን አለ። ብርድ ልብሶች፣ የታጠፈ ሸራ፣ አንድ ቅርጫት ነበሩበት። አስፈቅጄ አወጣኋቸው። የእጅ ባትሪ አበራሁ። ግድግዳው ላይ ቡናማ ጥላ አለ፤ ከላይ ቀጠን ብሎ ይጀምርና ወደ ታች እየሰፋ ይሄዳል። በአውራ ጣቴ ጫን አልኩት። ኮምፔንሳቶው ምንም አልታገለኝም፤ ጣቴ ገባ።

ሽማግሌው ተንበረከኩ። እጃቸውን አስገብተው እሳቸውም ጫን ጫን አደረጉት፤ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ወለሉ አጠገብ። የትም ቦታ ጠንካራ አላገኙም መሰለኝ። ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

“ይሄን ሣጥን እኮ ከፍቼው አላውቅም” አሉ በመጨረሻ። “የእሷ ዕቃ ነው የሚቀመጥበት።”

ባለቤታቸውን ማለታቸው ነው። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አልጠየቅናቸውም።

ሰው የሚያውቀውን ነው የሚያየው

በመኪና ስንመለስ ብዙ አላወራንም። እኔ ግን አንድ ነገር ሲብላላብኝ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ካራቫን መፈተሽ ማለት ሻጩን መፈተሽ ይመስለኝ ነበር። ሰውየው እውነተኛ ከሆነ ዕቃው ደህና ነው፤ ዕቃው ከተበላሸ ሰውየው ዋሽቷል። እነዚህ ሁለት ነገሮች ለካ ምንም አይገናኙም። ሻጩ የሚያውቀውን ሁሉ ነግሮህ፣ ደብተሩን አውጥቶ ሰጥቶህ፣ ካራቫኑ ራሱ ከባለቤቱ የደበቀው ነገር ሊኖር ይችላል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለወንዝ ብቻ አይደለም። በዚያ መስኮት የገባው ውሃ ጮኾ አልገባም። በዝናብ ቀን ጥቂት ጠብታ፣ ከክፈፉ ጀርባ፣ ከግድግዳው ውስጥ። ሽማግሌው ከውጭ ሲያዩት ነጭ ሲሊኮን ነው። ከውስጥ ሲያዩት ትራስና መጋረጃ ነው። ሰውየው ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ በብረት ነው የኖሩት። ብረት ሲበላሽ ይጮኻል፣ ይሞቃል፣ ይዝጋል፣ ይታያል። እንጨት በዝምታ ነው የሚሞተው።

ከዚያ በኋላ ካራቫን ለማየት በሄድን ቁጥር አንድ ጥያቄ ጨምሬአለሁ፤ “ሥራዎ ምን ነበር?” እላለሁ። ጨዋታ ነው የሚመስለው። ግን ሰው የሚንከባከበው የሚያውቀውን ነው። አንዱ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነበር። ሽቦዎቹ በቀለም ተለይተው፣ ፊውዞቹ ስም ተጽፎባቸው፣ ባትሪው ላይ አቧራ እንኳ የለም። ጎማዎቹ ግን ከልጃችን በዕድሜ ይበልጣሉ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ የውስጡን ጨርቅ ሁሉ በራሳቸው እጅ ሰፍተውት ነበር፤ ዓይን ይስባል። የጋዝ ቱቦው ተሰነጣጥቋል። ሁለቱም ቅን ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ሙያቸውን ከሰማሁ በኋላ ሙያቸው ወደማይደርስበት ጥግ ነው ቀጥ ብዬ የምሄደው። ደብተር ካላቸውም የተጻፈውን አነብና የትኛው የካራቫኑ ክፍል አንድም ቀን ስሙ እንዳልተነሣ እፈልጋለሁ። በሽማግሌው ደብተር ውስጥ “ጣሪያ” የሚል ቃል አልነበረም። ይህንን ያየችውም እሷ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

ነገርን ከሥሩ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ካራቫን ላይ ግን ውሃው ራሱ ነው ነገሩ። ሌላው ብልሽት ሁሉ የሚገዛ ዕቃ ነው። ውሃ ግን ቤቱን ነው የሚበላው።

እስቲ አስቡት። የካራቫን ጣሪያና ግድግዳ በቀዳዳ የተሞላ ነው። መስኮቱ ቀዳዳ ነው። የአየር ማስወጫው፣ የፍሪጁ ጭስ መውጫ፣ የውጭ መብራቱ ሽቦ የሚገባበት፣ የጠርዙ አሉሚኒየም የተመታበት እያንዳንዱ ቪቲ ቀዳዳ ነው። መሬት ላይ የተሠራ ቤት ቦታውን ይዞ ይቀመጣል። ካራቫን በተጎተተ ቁጥር ይንቀጠቀጣል፣ በትንሹም ቢሆን ይጠማዘዛል። ማሸጊያው በየጊዜው ይላላል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ርካሽም ሆነ ውድ፣ ካልተከታተሉት አንድ ቀን ማፍሰሱ አይቀርም።

መስኮት ሲገጠም ከክፈፉ ጀርባ የሚለጠፍ፣ ቶሎ የማይደርቅ፣ የሚለጠጥ ማሸጊያ አለ። ቡቲል ይሉታል። ውሃውን የሚያስቆመው እሱ ነው። እሱ ሲያረጅ መድኃኒቱ መስኮቱን አውጥቶ፣ አሮጌውን ሙልጭ አድርጎ ፍቆ፣ በአዲስ መግጠም ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ከባድ ሙያ አይደለም። ከውጭ ሲሊኮን መቀባት ደግሞ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም የሚቀባው። ችግሩ አዲስ ሲሊኮን በአሮጌው ላይ በቅጡ አይዝም። ሌላ ማሸጊያም አይዝበትም። አንዳንዴም የገባውን ውሃ መውጫ ይዘጋበታል። አሁን መስኮት ዙሪያ ተደራርቦ የተቀባ ሲሊኮን ሳይ ከውስጥ በኩል ያለውን ቦታ ሳልነካ አልሄድም።

የሚነካው ቦታ ደግሞ እንደ አሠራሩ ይለያያል። የእንጨት አጥንት ላይ አሉሚኒየም የለበሱ አሉ። እነዚህ ውስጣቸው ዱቄት ሆኖም ከውጭ ያምራሉ፤ አሉሚኒየሙ ምንም አይነግርህም። መፈተሽ የሚገባው ከውስጥ ነው፤ የቁም ሣጥን ጀርባ፣ የአልጋ ሥር፣ አራቱም ጥግ። ሌሎቹ ደግሞ ፋይበር ግላስ፣ ቀጭን ኮምፔንሳቶና ስፖንጅ መሰል ፎም በሙጫ ተጣብቀው የተሠሩ ናቸው። ውሃ ሲገባ ሙጫው ይለቅና ግድግዳው ያብጣል። ከፊት ለፊት ቆመህ ላታየው ትችላለህ። ከማእዘኑ ቆመህ፣ ጉንጭህን ወደ ግድግዳው አስጠግተህ፣ በርዝመቱ ማየት ነው። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ደግሞ እብጠቱ ጥላ ይጥላል። ለዚህ ነው እኩለ ቀን ላይ ካራቫን ለማየት የማልሄደው።

ሦስተኛው ዓይነት በቅርጽ የፈሰሰ ፋይበር ግላስ ነው፤ የላይና የታች ሁለት ቅርፊት ወገቡ ላይ የተጋጠመ። ካናዳ ውስጥ ዊኒፔግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1968 የተጀመረው ቦለር የሚባለው ካራቫን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ስካምፕና ካሲታ የሚባሉት ያንኑ መንገድ ተከትለዋል። ግድግዳቸው ውስጥ የሚበሰብስ እንጨት የለም፤ ቀላልም ናቸው። ከአሮጌዎቹም ዛሬ ድረስ የሚጎተቱ አሉ። ለዚያም ነው አርጅተውም ዋጋቸው የማይወርደው። “ይሄ አያፈስም” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ግን አትመኑት። መስኮትና የአየር ማስወጫ እነሱም አላቸው፤ ወለላቸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እንጨት ነው።

መሰላል ይዛችሁ ሂዱ። የሚገርመው ብዙ ሻጭ መሰላል የለውም፤ ይህ ራሱ ጣሪያው በስንት ጊዜ እንደታየ ይናገራል። ላዩ ላይ አትውጡ፤ ዳር ቆሞ ማየት ይበቃል። የተሰነጠቀ ማሸጊያ፣ ውሃ የሚያቁር ጉድጓድ፣ የተለጣጠፈ ነገር መኖሩን ተመልከቱ። ከተቻለ ዝናብ ከዘነበ በማግስቱ ሂዱ። በር ሲከፈት መጀመሪያ አሽትቱ። ኃይለኛ የሽቶ ጠረን ከተቀበላችሁ ጥርጣሬዬን ብትጋሩኝ አልቃወምም። በእርጥበት መለኪያ ጥግ ጥጉን መንካትም ይጠቅማል፤ ዋጋው ከአንድ ጎማ ያነሰ ነው። ግን ከአውራ ጣት ይጀመር።

የቀረውን ቶሎ ቶሎ ልበል። የውሃ ፓምፑን አብርታችሁ ቧንቧዎቹን ሁሉ ዝጉና ጸጥ በሉ። ፓምፑ ቆሞ መቅረት አለበት። ማንም ሳይከፍት በየመሐሉ የሚነሣ ከሆነ የሆነ ቦታ ውሃ እየወጣ ነው። የጋዝ ማስጠንቀቂያው ወለል አጠገብ መሆኑን እዩ፤ ፕሮፔንም ቡቴንም ከአየር ይከብዳሉና ታች ነው የሚተኙት። መሣሪያው የአገልግሎት ዘመን አለው፤ ቀኑ ራሱ ላይ ተጽፏል። እ.ኤ.አ. ከ1981 ወዲህ የተሠራ ከሆነ የሻንሲ ቁጥሩ አብዛኛውን ጊዜ 17 ፊደልና አሃዝ ነው። ወረቀቱ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያዩት። እዚህ ላይ አንዲት አሃዝ ካልገጠመች ሌላውን ማየት አያስፈልግም፤ ወደ ቤት ነው።

ክብደቱን ማን መዘነው?

“ቀላል” ተብለው በሚሸጡት ላይ ሌላው የሚያናድደኝ ነገር ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው ኪሎ ነው። ያ ኪሎ አብዛኛውን ጊዜ ካራቫኑ ከፋብሪካ ባዶውን ሲወጣ የነበረው ነው። ውሃ የለበትም፣ ዕቃ የለበትም፤ ብዙ ጊዜ በኋላ የተገጠመው ባትሪና የፀሐይ መከላከያ ሸራ አልተቆጠረበትም። ማንም ሰው ካራቫን ባዶውን አይጎትትም። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። 80 ሊትር ታንከር ሞላችሁ ማለት አንድ አዋቂ ሰው ጫናችሁ ማለት ነው። በዚያ ላይ የጋዝ ሲሊንደር፣ ሳህንና ድስት፣ አልጋ ልብስ፣ የልጅ ብስክሌት።

ስለዚህ ማየት ያለባችሁ ካራቫኑ ላይ በተመታው ሰሌዳ የተጻፈውን ከፍተኛ ክብደት ነው። መኪናችሁ ያንን መጎተት ከቻለ ሰላም ነው። ባዶውን ብቻ የሚችል ከሆነ በየጉዞው ስትጨነቁ ትኖራላችሁ። እርጥብ እንጨትም ይከብዳል። አንድ አሮጌ ካራቫን ከወረቀቱ በላይ ሲመዝን ምክንያቱ ዕቃ ብቻ ላይሆን ይችላል።

ከጠቅላላው ክብደት ሌላ ጋንቾው ላይ፣ ማለትም ካራቫኑ ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት መንጠቆ ላይ፣ የሚያርፈው አለ። በሰሜን አሜሪካ ልማድ ከጠቅላላው ከ10 እስከ 15 በመቶ ይሁን ይባላል። 1,200 ኪሎ ከሆነ ከ120 እስከ 180 ኪሎ መሆኑ ነው። አውሮፓ ውስጥ ያነሰ ነው የሚጫነው፤ መኪኖቹና ጋንቾዎቹም ለዚያው የተሠሩ ናቸው። የትም ሁኑ የመኪናችሁንና የጋንቾውን ወሰን ማንበብ ግዴታ ነው። ከልክ በላይ ሲሆን የመኪናው ኋላ ይቀመጣል፤ መሪው ይቀልላል። ሲያንስ ደግሞ ይብሳል፤ ካራቫኑ ከኋላ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል፤ በፍጥነት ላይ ከሆነ መኪናውን ይዞ ሊሄድ ይችላል። አልጋ ከኋላ፣ ታንከር ከኋላ፣ የብስክሌት መስቀያ ከኋላ ያለበት ካራቫን ስታዩ ይህንን አስቡ።

መጨረሻው የሚታወቅ ችግር

ሽማግሌው ያን ቀን ዋጋ ቀነሱልን። እኛ ሳንጠይቃቸው። ብዙ ነው የቀነሱት፤ እንደ እውነቱ ከሆነ አስጎመጀኝ። ሻንሲው፣ አክስሉ፣ ጎማው ያ ሁሉ ደህና። ቀን ቆጥሬ ግድግዳውን ብሠራውስ? ሌላ ሰው ነገ ሊያየው ይመጣል ደግሞ። ይህቺ “ሌላ ሰው ይመጣል” የምትባል ነገር ስንቱን ገዢ እንዳጃጃለች። ባለቤቴ ጆሮዬ ላይ “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” አለችኝና ወደ መኪናው ሄደች።

ያልገዛሁት ግን በእሷ ተረት አይደለም። ቅናሹን ከምን ጋር እንደማመዛዝነው ስላጣሁ ነው። ያረጀ ጎማ ቢሆን ሱቅ ደውዬ ዋጋውን አውቃለሁ። የሞተ ባትሪም እንደዚያው። የበሰበሰ ግድግዳ ግን እስኪከፈት ድረስ ዋጋ የለውም። መስኮቱ ሥር ሊያበቃ ይችላል። ወለሉ ላይ ወርዶ፣ አልጋው ሥር ተሻግሮ፣ አጥንቱን ጨርሶም ሊሆን ይችላል። እሳቸውም አያውቁትም፤ እኔም አላውቀውም። ሁለታችንም በማናውቀው ነገር ላይ ዋጋ መከራከር ምን ይባላል? ቀናነታቸው እዚህ ላይ ሊረዳኝ አልቻለም።

ይህንኑ ነገርኳቸው። መስኮቱን አውጥተው፣ ግድግዳውን ከፍተው ቢያዩት፣ የደረሰበት ሲታወቅ እንደገና ብንነጋገር ይሻላል አልኳቸው። “እከፍተዋለሁ” አሉ። አልደወሉልንም፤ እኛም አልጎተጎትናቸውም። ከጊዜ በኋላ ማስታወቂያቸውን በአጋጣሚ አየሁት። ፎቶዎቹ ያው ናቸው፤ አንድ ተጨምሯል። የሣጥኑ ውስጥ፣ ባዶውን፣ በቅርብ የተነሣ። ከሥሩ “የፊት ቀኝ ጥግ በስብሷል፤ መጥተው ይጫኑት” ይላል። ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አላነበብኩም።

እኛ የገዛነው ሌላ ነው። በቅርጽ የፈሰሰ ፋይበር ግላስ፣ አሮጌ፣ ከውጭ ሲያዩት የማይስብ። ፀሐይ ቀለሙን በልታዋለች። ባለቤቱ ምንም ደብተር የላቸውም፤ ስለ ካራቫኑ ሲጠየቁ “እኔ እንጃ” ነው መልሳቸው። ወለሉን ተንበርክከን ጥግ በጥግ ተጫንነው፤ ጠንካራ ነው። ጎማው አሮጌ ነበር፤ ዋጋው ተቀነሰልን። ፍሪጁ ደግሞ ሞቷል። የካራቫን ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ሞተር የለውም፤ አሞኒያ በሙቀት እየተንቀሳቀሰ ነው የሚያቀዘቅዘው። ለመቀዝቀዝ ሰዓታት ይፈጅበታል። ለዚህ ነው ከመሄዳችሁ በፊት ሻጩ ቀደም ብሎ እንዲያበራው መጠየቅ ያለባችሁ። ካራቫኑ ዘንበል ብሎ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ከሠራም ይበላሻል። የዚህኛው ከኋላው አሞኒያ አሞኒያ ይሸታል። አለቀለት ማለት ነው። የአዲሱን ዋጋ እዚያው ቆመን በስልክ ጠየቅን፤ ከካራቫኑ ዋጋ ላይ አነሣነው፤ ተጨባበጥን።

ገንዘቡን ግን ለጎማና ለፍሬን አዋልነው፤ ፍሪጁ እስካሁን አልተገዛም። በበረዶ ሣጥን ነው የምንጓዘው። ባለቤቴ በየጉዞው ወተቱ ሲበላሽ “ዋጋውን እኮ ተቀንሶልህ ነበር” ትለኛለች።